አሥራ ሁለት ዓመት የዘገየ ጭፈራ

በዚያ ዓመት ከየካቲት እስከ ሰኔ መጨረሻ ዝናብ አልጣለም። ኩሬው ወርዶ ጭቃው ታየ። ከጭቃው ስድስት መቶ የጎልፍ ኳስ፣ አንድ የሞተ ኤሊና አንድ ተጫዋች ተናዶ የወረወረውን ቦርሳ ከነዱላዎቹ አወጣን። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀዳዳ ያለው ሣር ነደደ። ውሃ በተራ ነበር፤ የእኔ ተራ ማክሰኞና ዓርብ።

ጎልፍ ተጫዋቿ ኖይናም በዚያው ወቅት ደረቀች። አሥራ አራት ውድድር ገባች። ከአሥራ አንዱ በሁለተኛው ቀን ተቀነሰች። በአንዱ ሆዷን ታማ ወጣች። በሁለቱ እስከ መጨረሻው ተጫውታ አንዴ ከኋላ አራተኛ፣ አንዴ ከኋላ ሁለተኛ ሆነች። መጋቢት ላይ አሠልጣኟ ስልክ ማንሳት ተወ። ሚያዝያ ላይ ቦርሳ ተሸካሚዋ ከሌላ ተጫዋች ጋር ሄደች። ግንቦት ላይ ኮፍያዋ ላይ ስሙን የለጠፈው የዓሣ ስጎ ፋብሪካ ስሙን አስነሣ። ኮፍያውን ግን ተወላት። በሰኔ ሦስተኛ ሳምንት በሚኒባስ ወደ እኛ ወደ ፔቻቡሪ ተመለሰች።

እኔ ቻሎም እባላለሁ። በኖንግ ያኦ የጎልፍ ሜዳ አርባ አንድ ዓመት ሣር አጭጃለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው ሰዎች ነገሩን እየጨመሩበት ስለሚያወሩት ነው። አሁን በሚያወሩት ላይ እኔ ዘውድ ደፍቼ ኩሬ ውስጥ ወድቄያለሁ። ኩሬ ውስጥ አልወደቅኩም።

ኖይና የቤት ስሟ ነው፤ ጊሽጣ ማለት ነው። ስትወለድ ጭንቅላቷ ጎርበጥባጣ ስለነበር እናቷ እንዲያ አለቻት። የመዝገብ ስሟ ራታናዋሊ ነው፤ በዚያ ስም የሚጠራት የውድድር ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። እናቷ ላምዱዋን በሜዳችን የተጫዋች ቦርሳ ትሸከማለች። አባቷ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት ወደ ደቡብ ነድቶ ሄደ። እስካሁን እየነዳ ነው።

ልጅቷ ያደገችው በእኔ ሣር ላይ ነው። ቀዳዳው ያለበትን፣ በጣም አሳጥረን የምናጭደውን ሣር ምንጣፍ እንለዋለን። ስድስት ዓመት ሲሆናት አንድ እንግዳ ኳስ ቀዳዳ ውስጥ ማስገቢያ ዱላውን ጉልበቱ ላይ ሰብሮ ጥሎ ሄደ። ጫፉን በመጋዝ ቆርጬ፣ እጀታውን በብስክሌት ከመነዳሪ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከማሽኔ ፊት ፊት ትሄድ ነበር። ጤዛው ላይ ኳስ ሲንከባለል መስመር ይጥላል። መታ ታደርገዋለች፣ መስመሩን ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ታርማለች። አትናገርም። እኔም አልናገርም። ጥሩ ጊዜ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ባንኮክ የልጆች ውድድር ወጣ። ያሸነፈች ልጅ በነፃ የጎልፍ ትምህርት ቤት ትገባለች። የተሸነፈች የእናቷን ቦርሳ ትወርሳለች።

ሰባተኛው ምንጣፍ ዳር ዋርካ አለ። ከዋርካው ሥር የቦታው መንፈስ ትንሽ ቤት ተሠርታለታለች። አባወራው እንለዋለን። ኳሱ ኩሬ የገባበት ሁሉ ቀይ ለስላሳ ከነመምጠጫው ያስቀምጥለታል። ስለት የሰመረለት ደግሞ የተቀቀለ እንቁላል፣ የሸክላ ዶሮ፣ የእንጨት ዝሆን ያመጣለታል። እኔ ስለት ተስዬ አላውቅም ነበር። ልጅቷ በምትጫወትበት ቀን ጎሕ ሲቀድ ማሽኔን አጠፋሁና ፊቱ ቆምኩ። እንቁላል እንዳልል፣ እንቁላል ሞልቶታል። ለእኔ ከባድ የሆነ ነገር ካልሰጠሁ ቁም ነገር አይመስለውም አልኩ። እናም እንዲህ አልኩት፦ «አባወራ፣ ይቺ ልጅ ካሸነፈች እኔ ቻሎም ፊትህ እጨፍራለሁ።»

ጨፍሬ አላውቅም። በሠርጋችን ቀን ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ብቻዋን ነው የጨፈረችው።

ልጅቷ በሦስት ምት ልዩነት አሸነፈች። እኔ አንድ ቀይ ለስላሳ አስቀመጥኩ። «ይኼ ለጊዜው ነው» አልኩት። አልረሳሁም። ያዘገየሁት ሰው እስኪቀንስ ብዬ ነው። ሰው አልቀነሰም።

እሷም ትምህርት ቤት ገባች፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሙያተኛ ሆነች። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ውድድር አሸነፈች። ጃፓን ሄደች፣ ኮሪያ ሄደች። ለእናቷ ጣሪያ አስመታችላት፣ ሞተር ብስክሌት ገዛችላት። የዓሣ ስጎ ጠርሙስ አቅፋ በአውራ ጎዳናው ሰሌዳ ላይ ፎቶዋ ወጣ፤ ጠርሙሱ ከእሷ ይበልጥ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አባወራው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ተግባብተናል ብዬ ነበር።

ከተመለሰች በሦስተኛው ቀን መለማመጃው ምንጣፍ ላይ ቆማ አየናት። እናቷ ነበረች፣ እኔ ነበርኩ፣ የኑድል ሻጯ ቹዋን ነበረች። ቹዋን የሜዳው ሬዲዮ ናት። ጠዋት የነገሯትን ለምሳ ከሾርባው ጋር ታቀርበዋለች።

ኖይና ከሩቅ መታችው፤ ኳሱ ከቀዳዳው አንድ እርምጃ ርቆ ቆመ። ጥሩ ምት ነው። ከዚያ አንድ እርምጃው ላይ ቆመች። እጇ ተንቀጠቀጠ። ሳተች። መለሰችው፤ ሳተች። በሦስተኛው እናቷ ዐይኗን ጨፈነች።

«ገባ?» አለች ላምዱዋን።

«ጨፍነሽ ቆዪ» አለቻት ቹዋን።

ኖይና ዱላዋን ተደግፋ ወደ እኛ መጣች። «ማማ፣ የሁዋ ሂን ውድድር የመጨረሻዬ ነው» አለች። «ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ካልገባሁ የመጫወቻ ፈቃዴ ይሄዳል። ጓደኛዬ ማሎስ ስልክ መሸጫዋ ውስጥ ቦታ አለ ብላኛለች። የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ።»

«አንቺ? የስልክ ሽፋን?»

«ምን አለበት? ካንድ እርምጃ የሚሳት ነገር የለውም።»

ውድድሩ ሃያ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ ቹዋን የኑድል ጠረጴዛዋን ችሎት አደረገችው። ምግቡን አቅርባ ማንኪያውን ያዘችብን።

«ይኼ የእጅ በሽታ አይደለም» አለች። «እዚህ መሃል አንድ ሰው ለአባወራው ተስሎ አላስገባም። እስኪናዘዝ ማንም አይበላም።»

ላምዱዋን ጎንበስ አለች። «እኔ ሙያተኛ ስትሆን ዘጠና ዘጠኝ እንቁላል ተስዬ ነበር።»

«አስገብተሻል፤ እኔ ነኝ የቀቀልኩልሽ።»

«ዘጠና ነው ያስገባሁት። ዘጠኙ ተሰነጠቁ።»

«የተሰነጠቁት የት ሄዱ?»

«በልተናቸዋል።» ላምዱዋን አየቻት። «አንቺ አራት በልተሻል።»

ቹዋን ማንኪያ ሰጠቻትና ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ ፕራሶፕ ዞረች። ፕራሶፕ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ነበር።

«ልጅቷ ባሸነፈች ጊዜ በስሟ ሜዳው ገበያ አገኘ» አለችው። «ምን ተስለህ ነበር?»

«የአሳማ ጭንቅላት። አስገብቻለሁ።»

«ፕላስቲክ ነበር።»

«ፕላስቲክ ይበረክታል ብዬ ነው።»

«ታዲያ አባወራው በምኑ ያኝከው?»

ፕራሶፕ ክራቫቱን አስተካከለ። ማንኪያ ተሰጠው።

«አንቺስ?» አልኳት እኔ። ምነው ዝም ባልኩ።

ቹዋን ፊቷ ቀላ። «ሠላሳ ቀን ሰው ላላማ ተስዬ ነበር።»

«ስንት ቀን ቆየሽ?»

«ጠዋት ጀመርኩ» አለች። «እስከ ምሳ ድረስ።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ላምዱዋን ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼስ?»

«እኔ ሣር ነው የማጭደው» አልኩ። ማንኪያዬን ተቀብዬ በላሁ። 

ሁሉም ዕዳቸውን አስገቡ። ላምዱዋን ዘጠኝ እንቁላል ቀቀለች፤ ይቅርታ መጠየቂያ ብላ ሌላ ዘጠኝ ጨመረች። ፕራሶፕ እውነተኛ የአሳማ ጭንቅላት አመጣ፤ ከሰዓት በኋላ የኩሬው አርጃኖ፣ ያ ትልቅ እንሽላሊት፣ ጎትቶ ወሰደው። አባወራው አርጃኖውን ልኮ ነው አሉ፤ ይሁን። ቹዋን ሠላሳው ቀን ስለማይደርስላት ሦስት ቀን ምንም ቃል ሳትናገር እንድትውል ከአባወራው ጋር ተስማማች። እንዴት እንደተስማማች አላውቅም። በሁለተኛው ቀን ሦስት እንግዶች ማን ሞቶ ነው ብለው ጠየቁኝ።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ጣለ። በእንቁላሉ ነው አሉ። ወቅቱ ነው አልኩ። ኖይና ግን ዝናብ ላይም ካንድ እርምጃ ሳተች።

ውድድሩ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የመሣሪያ ቤቱ በር ላይ መጣች። እጇ ላይ ማስገቢያ ዱላዋ ነበር።

«አጎቴ፣ ይኼን ይውሰዱት።»

«ምን ላድርገው?»

«ሐረግ ይደግፉበት። ለውድድሩ አንዱን ተበድሬ እገባለሁ፤ ልዩነት የለውም።»

ተቀበልኳት። እጀታው ላይ ከጎማው ሥር የብስክሌት ከመነዳሪ ጠቅልላለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ የዓለምን ሜዳ ዞራለች፣ ዱላው ውድ ነው። ከመነዳሪው ግን ያው ነው። ሐረግ አልደገፍኩበትም።

በማግስቱ ሞተሬን አስነሥቼ ፔቻቡሪ ከተማ ወረድኩ። እዚያ ለስለት የሚጨፍሩ ሰዎች አሉ፤ ዘውድ ደፍተው፣ አብለጭላጭ ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው ይመጣሉ። አለቃቸው ታዊን የምትባል ሴት ናት፤ ስልሳ አልፏታል፣ ክንዷ እንደ እኔ ጭን ነው።

«ስንት ሰው?» አለችኝ።

«ስድስት።»

«የማን ስለት ነው?»

«የአንድ ሰው።»

አየችኝ። ቀን ያዘችልኝ። አሰብኩ፦ ስድስት ሰው ከአንድ ይበልጣል፤ እነሱ የሠለጠኑ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። አባወራው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ረቡዕ ጠዋት በፒክአፕ መጡ። ዘውዶቹ በፌስታል ተይዘዋል። ሜዳው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እኔ ራቅ ብዬ መጥረጊያ ያዝኩ። ታዊን እጣን ለኮሰች፣ ተንበረከከች፣ ከዚያ ተነሥታ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ስም ሳልጠራ አልጀምርም። ስለቱ የማን ነው?»

እኔ መጥረግ ጀመርኩ።

«የአንድ ሰው ነው ተብያለሁ። አባወራው ‹አንድ ሰው› ለሚባል ደረሰኝ አይቆርጥም። ስም!»

ሰዉ ሁሉ እርስ በርስ ተያየ። ታዊን ክንዷን ዘርግታ አሳየችኝ። «ያ መጥረጊያ የያዘው ሽማግሌ ነው የቀጠረን።»

መጥረጊያውን አስቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ።

«ጋሽ ቻሎም!» አለች ላምዱዋን። «እርስዎ?»

«ና እስቲ ወዲህ» አለችኝ ታዊን። «ስትሳል ምን ብለህ ነበር? ቃል በቃል።»

«እጨፍራለሁ አልኩ።»

«እጨፍራለሁ? ወይስ አስጨፍራለሁ?»

«እጨፍራለሁ።»

«ስምህንስ ጠርተህ ነበር?»

«እኔ ቻሎም ብያለሁ።»

ታዊን ዘውዷን አወለቀችና ወደ ፌስታሉ መለሰች። «ልጆች፣ ጫኑ! እኔ ብሎ ከነስሙ የተሳለ ሰው በኪራይ እግር አይከፍልም። ብንጨፍርለት አባወራው እኛን ነው የሚታዘበን።»

ቹዋን ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች። «መቼ ነው የተሳልከው አንተ?»

«ባንኮክ ስታሸንፍ።»

በጣቷ ቆጠረች። «አሥራ ሁለት ዓመት! እኔን ሦስት ቀን አፌን አዘግተህ!»

«እኔ አላዘጋሁሽም።»

«ቆመህ ታየኝ ነበር!»

«አዎ» አልኩ። «ደስ ይል ነበር።»

ፕራሶፕ ስለ አሳማው ጭንቅላት ዋጋ አንድ ነገር አለ። ማንም አልሰማውም። ኖይና ከሰዉ መሃል ወጥታ ፊቴ ቆመች። ኳስ ከመምታቷ በፊት ሣሩን እንደምታይ አየችኝ።

«ለእኔ ነው የተሳሉት?»

«ላንቺ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጨፈሩም?»

«አፍሬ።»

«አጎቴ» አለች። «እኔ ዘንድሮ በየሳምንቱ፣ ሰው ሞልቶ፣ ቴሌቪዥን እያየኝ፣ ድመት የማይስተውን ኳስ እስታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሄጄ እቆማለሁ። እኔ የማላፍር መሰለዎት?»

 ቦት ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ወደ ዋርካው ሄድኩ። «አሁኑኑ እጨፍራለሁ» አልኩ።

«ቁም!» አለች ታዊን። «እስቲ እጅህን አንሣ።» አነሣሁ። «ጣትህን ወደ ኋላ እጠፍ።» አልታጠፈም። ጣቶቼን ይዛ ገፋቻቸው፤ የአርባ አንድ ዓመት ማሽን እጀታ ይዘዋል፣ አይሄዱም። «ይኼ እጅ ነው መንሽ? እንዲህ ሆነህ ብትጨፍር ስድብ ነው። ሁለት ሳምንት ትማራለህ።»

«ውድድሩ እኮ ሳምንት ነው» አለች ላምዱዋን።

«ቀኑን ለአባወራው ይንገረው። አበዳሪ እንኳን ቀን ሲቆረጥለት ይታገሣል።»

እኔም ተንበርክኬ ነገርኩት፦ ከሚመጣው ሰኞ በኋላ ባለው ሰኞ፣ ጠዋት፣ ከማጨዴ በፊት። ቹዋን ከኑድል ካርቶን ቀድዳ ቀኑን በትልቁ ጻፈች፣ ከሥሩ «ቻሎም፣ በራሱ እግር» ብላ ጨመረች፣ ዋርካው ላይ በቀይ ጥብጣብ ሰቀለችው። ሰባተኛው ጋ የደረሰ እንግዳ ሁሉ አነበበው።

ኖይና ሄዳ የመሣሪያ ቤቱን በር ከፍታ ዱላዋን አወጣች። «ቦርሳዬን የሚሸከም ሰው የለኝም» አለችኝ። «ማማ ዐይኗን ትጨፍናለች። ሌሎቹ ሲያዝኑልኝ ፊታቸው ያስታውቃል። የእርስዎ ፊት አይለወጥም። ይመጣሉ?»

«የሚያጭድልኝ ካገኘሁ።»

ፕራሶፕ ራሱ አጨደ። እስካሁን አራተኛው ምንጣፍ ላይ የእሱ ጠማማ መስመር ይታየኛል።

ሁዋ ሂን በሄድን ጊዜ ታዊን አራት ቀን አስተምራኝ ነበር። የተማርኩት እጁን ብቻ ነው፤ እግሩ ገና ነበር።

ውድድሩ ሦስት ቀን ነው። ስለ ትልልቆቹ ምቶች የምለው የለኝም፤ እነሱ ድሮም ችግር አልነበረባቸውም። እኔ የማውቀው ሣር ነው። ሣር ማለዳ ወዴት እንደሚተኛ፣ ከሰዓት ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ።

«አጎቴ፣ ይኼ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ባሕሩ።»

«ምን ያህል?»

«አንድ ሸርጣን ያህል።»

ሌሎቹ ተሸካሚዎች መጽሐፍ ገልጠው ቁጥር ያነባሉ። እኔ የያዝኩት ውሃና ሙዝ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካንድ እርምጃ ሁለቴ ሳተች። በሁለተኛው ቀን አንዴ። ሳትቀነስ በጠባብ አለፈች። በሦስተኛው ቀን እስከ አሥራ ሰባተኛው ቀዳዳ አንዴም አልሳተችም፤ ማንም ግን አላወራም፣ እኔ ደግሞ ድሮም አላወራም።

በመጨረሻው ምንጣፍ ከሩቅ መታችው። ኳሱ ተንከባለለ፣ ዘገየ፣ ቆመ። አንድ እርምጃ።

ሰሌዳው ግልጽ ነበር። ከገባ ዘጠነኛ ናት። ካልገባ አሥራ ሦስተኛ፤ ካልገባ የስልክ ሽፋን። ላምዱዋንን ከገመዱ ማዶ አየኋት፤ ከአሁኑ ዐይኗን ጨፍናለች። ቹዋን ክንዷን ይዛ ከጎኗ ቆማለች፣ አፏን በእጇ ከድናለች።

ኖይና ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች። እንደገና ቆመች። እንደገና ተመለሰች። ወደ እኔ መጣች። 

«አጎቴ፣ አልችልም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሣሩ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚነበብ ነገር የለውም።

«ጭፈራውን ምን ድረስ ተማሩ?» አለችኝ።

«እጁን።»

«ያሳዩኝ።»

«እዚህ?»

«እጁን ብቻ።»

ቦርሳውን አስቀመጥኩ። ታዊን እንዳስተማረችኝ ክርኔን ወደ ውጭ አወጣሁ፣ የእጄን አንጓ ሰበር አደረግኩ፣ ጣቶቼን ወደ ኋላ ገፋሁ። መሃል ጣቴ እንደ ልማዱ እምቢ ብሎ ቀጥ አለ። አንገቴን ወደ ግራ ማዘንበልም ነበረበት፤ አዘነበልኩ። ፊቴን አልለወጥኩም፤ ታዊን የጨፋሪ ፊት አይለወጥም ብላለች፣ ይኼ ብቻ ነበር ያልከበደኝ።

ኖይና በአፍንጫዋ ሳቀች። የአሳማ ግልገል የሚያወጣውን ዓይነት ድምፅ ነው። ስድስት ዓመቷ ሳለ እንዲያ ትስቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። የሥርዓት አስከባሪው ጸጥታ የሚል ሰሌዳውን ወደ እኛ አነሣ። ይኼን ስታይ ባሰባት። ትከሻዋ እየዘለለ ወደ ኳሱ ሄደች። እየሳቀች ቆመች፣ እየሳቀች መታችው።

ኳስ ቀዳዳ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁን አርባ አንድ ዓመት ሰምቻለሁ። እንደዚያኛው ጮክ ብሎ አልሰማሁም።

«ገባ?» ትላለች ላምዱዋን። «ገባ? ንገሪኝ እንጂ!»

ቹዋን መናገር አቅቷት ነበር። ይኼም ስለት ይገባዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ኖይና ከኋላ ተቀምጣ የእጄን ጭፈራ ደጋግማ እያስመሰለች ትስቅ ነበር። መሃል ጣቷን ሳይቀር ቀጥ አድርጋ። አላኮረፍኩም። የቀሩኝ ጥቂት ቀናት እግሩን ለመማር ነበሩ፤ ታዊን በየቀኑ መጣች፣ በየቀኑ ሰደበችኝ።

ሰኞ መጣ። ሰው ይቀንሳል ብዬ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ ነበር። የመጣውን ቆጠርኩ፤ ሰማንያ ላይ ስደርስ ተውኩት። ፕራሶፕ ወንበር ደርድሯል። ቹዋን ኑድሏን ዋርካው ሥር አዛውራለች። ታዊን ፊቴን ዱቄት ቀባችኝ። ዘውዱ ጠበበኝ፣ በጫማ ክር ከአገጬ ሥር አሠሩት። የወርቅ አንገትጌው ትከሻዬ ላይ እንደ ጣሪያ ቆሞ ነበር። በባዶ እግሬ ሰባተኛው ምንጣፍ ዳር፣ ጤዛው ላይ ቆምኩ።

ታዊን ስሜን ጠራች። ከበሮው ተመታ።

እጁን አነሣሁ። አንጓውን ሰበርኩ። ቀኝ እግር፣ ተረከዝ፣ ዞር። ግራ እግር፣ ተረከዝ፣ ዞር። እንደ ማጨድ ነው፤ መስመር ጠብቆ መሄድ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ዋርካው ሥር የቀይ ጉንዳን መንገድ ረገጥኩ። ከዚያ በኋላ ጭፈራው ፈጠነ።

«እንዲህ ነው!» ብላ ጮኸች ታዊን። «እንዲህ ነው ሽማግሌው!»

አላቆምኩም። ታዊን አንድ ዜማ ሙሉ ነው ብላ ነበር፤ አንድ ዜማ ሙሉ ጨፈርኩ። ሰዉ ሲስቅ እሰማለሁ፤ ሲስቁበት ሰው አይሞትም። ኖይና ከፊት ሣሩ ላይ ተቀምጣ ለአባወራው እጇን አጋጥማ ነበር። መጀመሪያ ላይ ቁም ነገር ይዛ ነበር። በጉንዳኑ ጊዜ በጎኗ ተጋደመች። እናቷ ዐይኗን ገልጣ አየችኝ፤ አንዴም አልጨፈነችም፤ እንባዋ ይወርድ ነበር፣ በየትኛው ምክንያት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ከበሮው ቆመ። ርችት ተኮሱ። ዘውዱን ፈትተው አወለቁልኝ። ተንበረከክኩ።

«አባወራ፣ ዘግይቻለሁ» አልኩት። «ይኸው።»

ቹዋን ካርቶኑን ከዋርካው አወረደች፤ ቀዳደደችና የኑድል እሳቷ ውስጥ ከተተችው።

ሰዉ ወደ ምግቡ ሲሄድ ኖይና ምንጣፉ ላይ ጎንበስ ብላ ቀረች። ጤዛው ላይ እግሬ የሄደበት ሁሉ ይታይ ነበር፤ ዙሩ፣ ተረከዙ፣ የሮጥኩበት። እንደ ድሮው በጣቷ ተከተለችው።

«አጎቴ፣ ወደ ግራ ይስብዎታል» አለችኝ።

«ጉንዳኑ ነው» አልኳት።

ጉንዳኖቹን ከእግሬ አራገፍኩ፣ ቦት ጫማዬን አጠለቅኩ፣ ማሽኑን አስነሣሁ፣ በላዩ አጨድኩት።